ዴሚያ መጨረሻ ላይ ልቡ ተመልሷል ወይስ ወንድሙን እየተበቀለ ነው?

የአንኮበሩ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ትያትር የምትወዱ ሰዎች እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ላማክራችሁ።

ከሥራ በኋላ የምንሰበሰብ ዘጠኝ ሰዎች ነን። ተውኔት እናነባለን። በዓመት አንዴ ደግሞ አንዱን አዘጋጅተን ለዘመድ ወዳጅ እናሳያለን። ዘንድሮ የመረጥነው የሮማዊውን የቴሬንስን «ወንድማማቾቹ» ነው። ከእንግሊዝኛ ተከፋፍለን ተረጎምነው። ለእኔ የደረሰኝ ዴሚያ ነው።

ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቦታው አቴንስ ነው። ሁለት ሽማግሌ ወንድማማቾች አሉ። ዴሚያ ገጠር ይኖራል። መሬቱን ያርሳል፣ ገንዘብ አያባክንም፣ አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዷል። ሚኪዮ ከተሜ ነው። አላገባም፣ አልወለደም፣ ኑሮው የተደላደለ ነው። ዴሚያ ትልቁን ልጁን ኤስኪኑስን ለሚኪዮ ሰጠው። ትንሹን ክቴሲፎን ራሱ አሳደገ። የዴሚያ አስተዳደግ ቁጣና ቁጥጥር ነው። ሚኪዮ ግን ገንዘብ ይሰጣል፣ ይቅር ይላል፣ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ልጅ በፍርሃት ከሚያዝ በይሉኝታና በደግነት ቢያዝ ይሻላል ባይ ነው።

ታሪኩ ሲጀምር ወሬው ከተማውን ሞልቶታል። ኤስኪኑስ የሰው በር ሰብሮ፣ የቤቱን ጌታ ደብድቦ፣ አንዲት ሙዚቀኛ ልጅ ይዞ ሄዷል ይባላል። ዴሚያ ሰምቶ ወንድሙ ላይ ይጮኻል። ልጄን ያበላሸኸው አንተ ነህ ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጅቷን የወደዳት ክቴሲፎ ነው፤ ያ ገጠር ያደገው ጨዋ ልጅ። ኤስኪኑስ ስሙን ያጠፋው ለወንድሙ ብሎ ነው።

መጨረሻው ላይ ዴሚያ ይደርስበታል። ብቻውን ቆሞ ስለ ሕይወቱ ያወራል። ዕድሜ ልኬን ለልጆቼ ለፋሁ፤ እነሱ ግን ሚኪዮን ይወዳሉ፣ እኔን ይሸሻሉ፤ ለእሱ ዕድሜ ይመኛሉ፣ የእኔን ሞት ይጠብቃሉ ይላል። ከዚያ ድንገት ደግ ይሆናል። ኤስኪኑስ የሚያገባት የጎረቤት ልጅ ቶሎ እንድትገባ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ግንብ ይፍረስ ይላል። ሚኪዮ በ65 ዓመቱ የሙሽራዋን እናት እንዲያገባ ያስገድደዋል። ለሙሽራዋ ዘመድ ለሄጊዮ ከከተማው ዳር ያለች መሬት ይሰጠው፣ ባሪያው ሲሩስም ከነሚስቱ ነጻ ይውጣ ይላል። የሚገርመው፣ አብዛኛው የሚከፈለው ከሚኪዮ ኪስ ነው።

አዘጋጃችን «ይሄ በቀል ነው፤ ሰውን አስቅበት» ትለኛለች። እኔ አልቻልኩም። ምክንያቱን አልደብቃችሁም። አባቴ አንኮበር አካባቢ ገበሬ ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሙ ሰጠኝ። አጎቴ ልጅ አልነበረውም። አባቴ በዓመት ሁለቴ ገብስና ቅቤ ይዞ ይመጣ ነበር። ገና አረፍ ሳይል ደብተሬን አምጣ ይላል። ፊደል እምብዛም አያውቅም፣ ግን ቀይ እስክሪብቶ ያለበትን ገጽ ለይቶ ያያል። አጎቴ ደግሞ የኳስ ጫማ ይገዛልኝ ነበር። አባቴ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። አጎቴ ሲመጣ በር ድረስ ሮጬ እቀበለዋለሁ።

ያንን ንግግር ልምምድ ላይ ስለው ድምፄ ተቆረጠ። ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ዴሚያ በእርግጥ ተለውጧል? ወይስ ወንድሙን እየቀጣው ነው? እንዴት ልጫወተው?

መጋረጃ ገላጭ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልቤን ነካው። ብዙ ዓመት ተውኔት አስተምሬያለሁ። ይህንን ሥራ ለተማሪ ባነበብኩ ቁጥር ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። እኔ የማምነውን ልንገርህ።

መጨረሻውን ለመጫወት ከመጀመሪያው ተነሣ። መድረኩ ላይ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ የማን ነው? የሚኪዮ። ባሪያውን ይጠራል፣ የሚመልስ የለም። ልጁ ማታ ለእራት እንደወጣ አላደረም። ያ «ዘና ያለ» ሰውዬ በጠዋት ተነሥቶ ይጨነቃል። ብርድ መትቶት ይሆን? ወድቆ ይሆን? ተሰብሮ ይሆን? ከዚያ ዴሚያ መጥቶ ሲጮህበት ሚኪዮ ፍጹም የተረጋጋ መስሎ ይከራከራል። ዴሚያ ከሄደ በኋላ ግን ለብቻው ሆኖ፣ ነገሩ እኔንም አስከፍቶኛል፣ ለእሱ ላሳየው አልፈለግኩም እንጂ ይላል። እንግዲህ ገና ከጅምሩ ቁጡው የሚጨነቅ፣ ደጉ የማይጨነቅ አይደለም። ሁለቱም ይጨነቃሉ። አንዱ ያወጣዋል፣ ሌላው ይውጠዋል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። እያንዳንዳቸው የተታለሉት በሚመኩበት ልጅ ነው። ሚኪዮ «ልጄ ምንም እንዳይደብቀኝ አድርጌ አስለምጄዋለሁ» ይላል። ኤስኪኑስ ግን የጎረቤቱን ልጅ አስረግዞ፣ መውለጃዋ እስኪደርስ አንዲት ቃል አልተነፈሰለትም። ዴሚያ «የእኔ ልጅ ቁጥብ ነው፣ ሥራ ላይ ነው» ይላል። ክቴሲፎ ግን እዚያው ሚኪዮ ቤት ተደብቆ ከሙዚቀኛዋ ጋር ተቀምጧል። ቴሬንስ ሁለት ወንድማማቾችን ጎን ለጎን ያቆመው ለዚህ ይመስለኛል። ዴሚያ ብቻውን ቢሆን ነጭናጫ ሽማግሌ ይሆን ነበር። ሚኪዮ ብቻውን ቢሆን ደግ አባት ብለን እናልፈው ነበር። ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው የእያንዳንዳቸው ዕውር ቦታ የሚታየን።

አሁን ወደ አንተ ሚና። ሲሩስ ዴሚያን የሚያታልልበትን ትዕይንት በደንብ ያዘው። ሲሩስ፣ ክቴሲፎ መጥቶ ወንድሙን «ቤተሰባችንን አዋረድክ» ብሎ ገሠጸው፣ ከዚያ ወደ ገጠር ተመለሰ ብሎ ይዋሸዋል። ዴሚያ ምን ይላል? በደስታ አለቅሳለሁ ይላል። በውሸት ነው የሚያለቅሰው። ግን እንባው እውነት ነው። ቀጥሎ ልጁን እንዴት እንዳሳደገ ይናገራል። የሌሎችን ሕይወት እንደ መስታወት እያየህ ተማር፣ ይሄን አድርግ፣ ያንን አታድርግ እለዋለሁ ይላል። ሲሩስም «እኔም ወጥ ቤት ያሉትን ሳህኑን እንደ መስታወት እዩ እላቸዋለሁ» ብሎ ይመልስለታል። ተመልካች እዚህ ይስቃል። መሳቅም አለበት። አንተ ግን አትሳቅ፣ እንደ ሞኝም አትጫወተው። ዴሚያ ያለውን ሁሉ ከልቡ ነው የሚናገረው።

ሰውነትህንም አስብበት። ሲሩስ ሚኪዮ የት እንዳለ አሳይሃለሁ ብሎ ከተማውን ያዞረዋል። በዚያ ቁልቁለት ውረድ፣ ቤተ መቅደስ ታገኛለህ፣ ጎኑ ላይ ጠባብ መንገድ አለ፣ የዱር በለስ ዛፍ ያለበት ይለዋል። ያ መንገድ መውጫ የለውም። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ በከንቱ ሲዞር ይውላል። ስለዚህ ያንን ንግግር ስትናገር እግርህ ዝሎ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይህ ተውኔት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ዓመት የታየው የሉኪየስ አሚልየስ ፓውሉስ ቀብር ላይ በተዘጋጀ ጨዋታ ነው። ወጪውን የቻሉት ሁለት ልጆቹ ናቸው። ሁለቱንም አባታቸው ለሌላ ቤተሰብ በጉዲፈቻ ሰጥቷቸው ነበር። ቤቱ ያስቀራቸው ሁለቱ ታናናሾች ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167፣ የድል በዓሉን ባከበረበት ሰሞን በቀናት ልዩነት ሞቱበት። ልጁን ለሌላ የሰጠ አባትና ሌላ ቤት ያደገ ልጅ በዚያ ቀን ለተመልካቹ ተረት አልነበሩም። ቴሬንስ ኮሜዲ ነው የጻፈው፤ ግን ቀብር ላይ ነው የታየው።

መልሴ ይሄ ነው። ዴሚያ ሲጀምር እየሞከረ ነው። የወንድሙን መንገድ እስቲ ልየው ይላል። መሐል ላይ ሚኪዮን መቅጣት ይጥመዋል። መጨረሻ ላይ ግን እውነቱን ያወጣል። ሚኪዮ ምን ሆነህ ነው የተለወጥክ ሲለው፣ እነዚህ ልጆች አንተን የሚወዱህ ስለምትፈቅድላቸውና ስለምትሰጣቸው መሆኑን ላሳይህ ነው ይላል። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ፣ በወጣትነታችሁ የማታዩትን የሚያሳያችሁና የሚያርማችሁ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ ይላል። ለበቀል ብቻ የመጣ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ቃል አይናገራትም።

የሁለት ልጆች እናት፦

የጋሼን ትንታኔ ወድጄዋለሁ። ግን ሁላችሁም ስለ አባቶችና ስለ ልጆቻቸው ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ ስለ ፓምፊላ ልናገር።

ኤስኪኑስ ያስረገዛት ልጅ ፓምፊላ ናት። «አስረገዛት» ብለን አለፍነው እንጂ፣ ተውኔቱ ውስጥ የተባለው ሌሊት፣ ጠጥቶ፣ በግድ ነው። ከዚያ እያለቀሰ መጥቶ አገባታለሁ ብሎ እናቷን ለመነ። እናቷ ሶስትራታ ድሃ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ፓምፊላን መድረክ ላይ አናያትም። ድምፅዋን የምንሰማው አንዴ ነው፣ ምጥ ላይ ሆና ከበሩ ጀርባ የወላዶችን አምላክ ስትጣራ። ከዚያ ሌላ ቃል የላትም።

ስለዚህ እኔ ሁለቱን ወንድማማቾች የምለካቸው በእሷ ቤት በር በኩል ነው። ዴሚያ ነገሩን ሲሰማ የሚያብከነክነው ምንድን ነው? ልጅቷ ለትዳሩ ይዛ የምትመጣው ሀብት የሌላት ድሃ መሆኗ። ሚኪዮስ? ሄጊዮ መጥቶ ሲነግረው አይጮህም። ይሰማል። አጥፍተናል፣ እናስተካክላለን ይላል። ራሱ ተነሥቶ ሶስትራታ ቤት ይሄዳል።

ኤስኪኑስን የሚያናግርበት ትዕይንት ደግሞ ለእኔ ከተውኔቱ ሁሉ ይበልጣል። መጀመሪያ ይፈትነዋል። አንድ ዘመዷ ከሚሊጢን መጥቷል፣ ልጅቷን በሕግ ሊያገባት ነው፣ እኔም እሱን ልረዳ ነው የመጣሁት ይለዋል። ልጁ ያለቅሳል። ያኔ ሚኪዮ ሁሉንም አውቃለሁ ይለዋል። ቀጥሎ የሚናገረው ቀላል አይደለም። ራስህን፣ ያቺን ምስኪን፣ ልጅህንም ካድክ፤ አንተ ተኝተህ አማልክት እንዲጨርሱልህ ነበር የጠበቅከው? ይለዋል። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ነው። ኤስኪኑስ ብቻውን ሲቀር «አባት መሆን ማለት ይሄ ነው? ወንድሜ ወይ ጓደኛዬ ቢሆን ከዚህ በላይ ምን ያደርግልኝ ነበር?» ይላል። እኔ ይህንን ሳነብ የራሴን ልጅ አሰብኩ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አጥፍቶ ሲመጣ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ እኔ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ለሚኪዮ ማድላቴ ይታወቅልኝ። ግን እሱም ቢሆን የቀጣው በቃል ብቻ ነው፤ ወዲያው ይቅር ብሎ ለሠርጉ ተዘጋጅ አለው። ዴሚያም መጨረሻ ላይ ሶስትራታን ለሚኪዮ ሲድራት እሷን የጠየቃት የለም። መድረክ ላይ እንኳን የለችም።

ወንድሜ፣ ለአዘጋጃችሁ አንድ ነገር ንገርልኝ። መድረኩ ላይ ያሉት ሁለት በሮች የሚኪዮና የሶስትራታ ናቸው። የሶስትራታን በር ጥግ ላይ አታድርጉት። መሐል አድርጉት። ወንድማማቾቹ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲጨቃጨቁ ተመልካቹ ያንን የተዘጋ በር እያየ ይስማቸው።

ከሴን ወንዝ ማዶ፦

እኔ የምኖረው ፓሪስ ነው። ከዚህ ሆኜ አንድ ማነጻጸሪያ ላምጣልህ። ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ሞልየር በ1661 «የባሎች ትምህርት ቤት» የሚል ኮሜዲ አሳየ። የቴሬንስን ሁለት ወንድማማቾች ወስዶ ነው የሠራው። ግን አንድ ነገር ገለበጠ። ቴሬንስ ጋ ቁጡው ዴሚያ ታላቅ ነው። ሞልየር ጋ ለዘብተኛው አሪስት ነው ታላቅ፤ ከወንድሙ በ20 ዓመት ገደማ ይበልጣል። ቁጡው ስጋናሬል ታናሽ ሆኖ ሳለ እንደ አሮጌ ሰው ይለብሳል፣ እንደ አሮጌ ሰው ያማርራል።

ሁለቱ የሚያሳድጉት ወንዶች ልጆች አይደሉም። ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ሁለት እህትማማቾች ናቸው፤ ሊያገቧቸውም ያስባሉ። ስጋናሬል ኢዛቤልን ይቆልፍባታል። አሪስት ሌኦኖርን ጭፈራም፣ ትያትርም ሂጂ ይላታል። ምን ሆነ? ኢዛቤል ያንኑ ስጋናሬልን መልእክተኛ አድርጋ ከምትወደው ልጅ ጋር ተላላከችበት። ሰውዬው ደብዳቤውን በገዛ እጁ አደረሰ። ሌኦኖር ግን ማንም ሳያስገድዳት ሽማግሌውን አሪስትን መረጠች።

ሞልየር ፍርዱን ሰጥቷል። መጨረሻ ላይ ስጋናሬል ሴቶችን ሁሉ እየረገመ ይወጣል፣ የሚከተለውም የለም። ቴሬንስ ግን ቁጡውን አያባርረውም። የመጨረሻውን ሥልጣን ይሰጠዋል። ልጁ ራሱ «አባታችን፣ ለአንተ ትተናል» ይለዋል። አዘጋጃችሁ የምትፈልገው መጨረሻ የስጋናሬል ነው። ጥሩ መጨረሻ ነው፤ የሌላ ተውኔት ግን ነው።

ወንድማማቾችን የማነጻጸር ነገር ከወደድክ የጸሐፌ ተውኔቱን የሼሪዳንንም አንብብ፣ ለንደን በ1777 የታየውን «የሐሜት ትምህርት ቤት»። እዚያ ታላቁ ጆሴፍ በቃል ጨዋ ነው፣ ታናሹ ቻርልስ ዕዳ የተጫነው ነው። ቻርልስ የአያት ቅድመ አያቶቹን ሥዕል ሁሉ ይሸጣል፤ የአጎቱን ሥዕል ግን በምንም ዋጋ አልሸጥም ይላል። አጎቱ ደግሞ ማንነቱን ደብቆ ገዢ መስሎ ፊቱ ቆሟል።

የአንኮበሩ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም ሁለት ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኳችሁ።

ጋሼ፣ «እያንዳንዳቸው የተታለሉት በሚመኩበት ልጅ ነው» ያሉት ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ። ለማንም ያልነገርኩትን ላውጣው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ አጎቴ ለትምህርት ቤት ክፍያ የሰጠኝን ገንዘብ ከጓደኞቼ ጋር አጠፋሁት። ለአባቴ አልነገርኩም፤ ይመታኛል ብዬ። ግን ለአጎቴም አልነገርኩም። አጎቴ አይመታኝም፣ አይቆጣኝም። ፊቱን ማየት ነው ያቃተኝ። ሁለት ወር ደበቅሁት። እስከዛሬ የአባቴ ቁጣ ብቻ ያስደበቀኝ ይመስለኝ ነበር። ኤስኪኑስም ለምን ለሚኪዮ እንዳልተናገረ አሁን ገባኝ። ይሉኝታም አፍ ይዘጋል።

እህቴ፣ የበሩን ነገር ለአዘጋጃችን ነገርኳት። ዝም ብላ አሰበችና የመድረኩን ንድፍ አውጥታ እዚያው ሰረዘችው። የሶስትራታ በር መሐል ገብቷል። ያኔ ደግሞ አንድ ነገር አየን። ሚኪዮ በር አለው፣ ሶስትራታ በር አላት። ዴሚያ መድረኩ ላይ የራሱ በር የለውም። ከገጠር ይመጣል፣ ከከተማ ይመጣል፣ መንገድ ላይ ቆሞ ይጮኻል። የሚገባው በወንድሙ በር ነው። አባቴ አዲስ አበባ ሲመጣ እንደዚያው ነበር። ልጁን ለማየት የወንድሙን በር ያንኳኳል፤ ጫማውን አውልቆ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር።

የፓሪሱ ወንድሜ፣ አዘጋጃችን ያንተን ጽሑፍ ካነበበች በኋላ ግማሽ መንገድ መጥታለች። የግንቡና የሠርጉ ቦታ ላይ ይሳቅ፣ እዚያ አንተም ተደሰትበት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን የአንተ ነው ብላኛለች። ተስማምቻለሁ።

የቀረን አንድ ቃል ነበር። ዴሚያ መጨረሻ ላይ ለልጆቹ የሚለውን እኛ «እኔ እዚህ ነኝ» ብለን ነበር የተረጎምነው። ጋሼ «እኔ አለሁ» ብለው ጻፉት። አባቴ ስልክ ሊዘጋ ሲል ሁልጊዜ የሚለኝ እሷን ነው። ምንም አይጨምርም። «አለሁ ልጄ» ይልና ይዘጋል። ጽሑፉን አስተካክለነዋል። አሁን «አለሁላችሁ» ነው የሚለው።

ቅዳሜ ልምምድ አለን። ለማሳያው ቀን አባቴን ጠርቼዋለሁ። ገብሱ ከታጨደ በኋላ ስለሆነ እመጣለሁ ብሏል። ከአጎቴ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦታ ይዤላቸዋለሁ።